የእንቁላል ካርቶን፣ የስንዴ ዘርና ባሕረ ሐሳብ፦ እምነትንና የተግባር ትምህርትን ስለማገናኘት ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አራት ኪሎ አካባቢ በደብር ሥር በሚተዳደር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ 48 ልጆች አሉት። ትምህርት ቤቱ ‹ትምህርቱ በተግባር ይሁን፤ ከእምነትም ጋር ይያያዝ› ብሎ በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶኛል። እስካሁን ግን የሠራነው ሥዕል ማቅለምና ከሥሩ ጥቅስ መለጠፍ ነው። ልጆቹ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ተማሩት የምለው ነገር ግን አይታየኝም። በጀት የለኝም፤ ግቢያችንም ጠባብ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ሰላም መምህርት፤ ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው። በሠሩት ሥራ ላይ ጥቅሱ ከሥዕሉ ጋር የተያያዘው በኮላ ብቻ ነው። ጥቅሱን አንሥተው ሌላ ቢለጥፉበት ሥራው አይለወጥም። ልጁም ይህ ይገባዋል፤ ስለዚህ ቀለሙን ቀብቶ ጥቅሱን ሳያነብ ያልፋል።

መፍትሔው የበለጠ ያማረ ወረቀት መፈለግ አይደለም። እምነቱ ራሱ እጅ ያለበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው፣ የምትለካው፣ የምታበቅለው፣ የምትፈትለው ብዙ ነገር አላት፤ ሥራውን ከዚያ ይውሰዱ። አንድ ሥራ ሲያስቡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ሥራው ብቻውን ሲቆም እውነተኛ ሒሳብ ወይም እውነተኛ ሳይንስ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ሥራው ቢቀር ልጁ ስለ እምነቱ ሳያውቀው የሚቀር ነገር አለ ወይ? ሁለቱንም የሚያልፉ ሥራዎች ብዙ አይደሉም፤ ለአንድ ዓመት ግን ሦስት አራት ከበቂ በላይ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ከማምጣት አንዱን ሥራ ስድስት ሳምንት ማቆየት ይሻላል።

ለ4ኛ ክፍል ከሁሉ በፊት የምመክርዎ ባሕረ ሐሳብን (ቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የምታወጣበትን ቆጠራ) በእንቁላል ካርቶን መሥራት ነው።

48ቱን ልጆች በ8 ቡድን ይክፈሏቸው፤ በቡድን 6 ልጅ ይሆናል። የሚያስፈልገው 30 እንቁላል የሚደረደርበት የወረቀት ካርቶን 8፣ ለየቡድኑ 40 ፍሬ ባቄላ፣ አንድ የግድግዳ ካላንደርና ደብተር ነው። ካርቶኑን የሰፈር ሱቅ ሁሉ ይጥለዋል፤ እንቁላል ያልፈሰሰበትን ይምረጡ፣ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያውሉት፣ ልጆቹም ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ባቄላው ለሁሉም ቡድን ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የተበላሸ ካርቶን፣ አንድ ጉድጓዱ የተቀደደም ቢሆን፣ አይጠቀሙ፤ 29 ጉድጓድ ያለው ካርቶን የአንዱን ቡድን ሒሳብ በሙሉ ያበላሻል፤ ስሕተቱም ከየት እንደመጣ ለማግኘት ያስቸግራል።

ካርቶኑ የተመረጠው 5 በ6፣ ማለትም 30 ጉድጓድ ስላለው ነው። በባሕረ ሐሳብ ቁጥሩ 30 ሲሞላ ይገደፋል፤ ካርቶኑም ሲሞላ ይገለበጣል። ለልጆቹ መጀመሪያ ማስረዳት ያለብዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 12 የጨረቃ ወራት በ354 ቀን ያልቃሉ፣ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ይህን ትርፍ ነው የምንቆጥረው።

ከ2006 ዓ.ም. ይጀምሩ። ለምን ቢሉ፣ በዚያ ዓመት ወንበሩ (ዓመቱ በ19 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለው ተራ) አልቦ፣ ማለትም ዜሮ፣ ነው፤ ካርቶኑ ባዶውን ይጀምራል። ከዚያ አንድ ልጅ «2007» ብሎ ሲጠራ ሌላው 11 ባቄላ ያስገባል። «2008» ሲባል ሌላ 11፤ 22 ሆነ። «2009» ሲባል 8 ባቄላ አስገብቶ ካርቶኑ ይሞላል፣ 30ው ይገለበጣል፣ የቀሩት 3 ባቄላዎች ባዶው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል፦ 2010 ላይ 14፣ 2011 ላይ 25፣ 2012 ላይ 6፣ 2013 ላይ 17፣ 2014 ላይ 28፣ 2015 ላይ 9፣ 2016 ላይ 20፣ 2017 ላይ 1፣ 2018 ላይ 12። ይህ ቁጥር የዓመቱ አበቅቴ ነው።

አሁን ልጆቹ ካርቶኑን ጎንበስ ብለው ይዩት። በ2018 ካርቶን ላይ 12 ጉድጓድ ባቄላ አለበት፣ 18 ጉድጓድ ባዶ ነው። ባዶው መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ በሰሌዳ ላይ ጽፈው ቢያስተምሩ ልጁ በቃሉ ይይዘዋል እንጂ ለምን እንደሆነ አያየውም፤ እዚህ ግን የሞላውና የጎደለው በአንድ ካርቶን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለዚህ ሲባል ባቄላው ከአንድ ጥግ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ይሙላ። ልጆች በዘፈቀደ ይበትኑታል፤ ያን ጊዜ ባዶውን መቁጠር አይቻልም፣ ሥራውም ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው ባሕረ ሐሳብን ለልጆች ሲያስተምር ዓመተ ዓለሙን (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት) ከማካፈል ይጀምራል። 5500 እና 2018 ተደምሮ 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው፤ 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12። መልሱ ያው ነው። ነገር ግን ባለ 4 አኃዝ ቁጥርን በባለ 2 አኃዝ ማካፈል ለአብዛኛው የ4ኛ ክፍል ልጅ ስለሚከብደው ሐሳቡ ገና ሳይጀመር ይጠፋዋል። ይህን መንገድ ካርቶኑን ከጨረሱ በኋላ ለጎበዞቹ እንደ ማረጋገጫ ይስጧቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ከቁጥሩ ወደ ቀኑ ይሻገሩ። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዑ ቁጥር የሚያመለክተው ቀን) በመስከረም ይውላል፤ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት። (14 ራሱ አይወጣም፤ 19ኙንም መጥቅዕ ቢያወጡ የለም። አንድ ቡድን 14 ካገኘ ቆጠራው ተሳስቷል ማለት ነው።) የ2018 መጥቅዕ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው፤ ካላንደሩ ላይ ሲያዩት እሑድ ነው። ለእያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ (የሚጨመር ቁጥር) አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የእሑድ 7 ከመጥቅዑ 18 ጋር ሲደመር 25 ይሆናል፤ ይህ መባጃ ሐመር (የነነዌ ጾም የሚገባበትን ቀን የሚሰጥ ቁጥር) ነው። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካላለፈ ነነዌ በጥር ትገባለች፤ ካለፈ በ30 ገድፈው በየካቲት። በጥቅምት ከዋለ ግን ምንጊዜም በየካቲት ነው። ስለዚህ የ2018 ነነዌ ጥር 25 ገባች፤ ቀኑም ሰኞ ነው። ሰኞ ካልወጣ የሆነ ቦታ ተሳስቷል፤ ነነዌ ከሰኞ አትወጣም። ልጅ ራሱን በራሱ ማረም የሚችልበት እንዲህ ያለ ቦታ በሥራው ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ 48 ልጅ ለሚያስተምር ሰው በተለይ።

ሦስተኛው ሳምንት አጭር ነው። ለዐቢይ ጾም 14፣ ለሆሳዕና 62፣ ለስቅለት 67፣ ለትንሣኤ 69 ይጨመራል። ጥር 25 ላይ 69 ሲጨመር 94፤ የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት 90 ቀን ሲነሣለት ሚያዝያ 4 ይቀራል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ይህን ከጨረሱ በኋላ ልጆቹ የተወለዱበትን ዓመት ፋሲካ እንዲያወጡ ያድርጉ። በ2008 ለተወለዱት አበቅቴው 22፣ መጥቅዑ 8 ነው፤ ጥቅምት 8 ሰኞ ነበር፤ ተውሳኩ 6 ስለሆነ ነነዌ የካቲት 14፣ ፋሲካ ሚያዝያ 23። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እርስዎ መልሱን ይያዙት፦ 2019 ላይ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።

አንድ ፈጣን ልጅ ካርቶኑን ወደፊት እየቆጠረ 2025 ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ ይሳሳታል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። 2024 ላይ አበቅቴው 18 ነው፤ 11 ሲጨምር 29 ያገኛል። ትክክለኛው ግን ካርቶኑ መሙላትና መገልበጥ ነው፤ 2025 ወንበሩ ወደ አልቦ የሚመለስበት ዓመት ነው። ምክንያቱ 19 ጊዜ 11 ሲደመር 209 ነው፤ ሰባቱን ካርቶን ለመሙላት (210) አንድ ባቄላ ይጎድላል። ስለዚህ በየ19 ዓመቱ መዝጊያ አንድ ጊዜ 12 ይገባል። ይህን ያስተዋለ ልጅ ካለ ክፍሉ ፊት ያስረዳ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ቆጠራ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ጋር እናያይዘዋለን።

እምነቱ የት አለ? እዚህ ላይ ነው ብዙ መምህራን የሚቸኩሉት። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ፋሲካ አይስበኩ። ልጆቹ ያወጡትን ቀን በትልቅ ወረቀት ጽፈው በር ላይ ይለጥፉት፤ ከዚያ ይጠብቁ። ቀኑ ሲደርስ ደብሩ የነነዌን ጾም ይይዛል፣ ቤት ውስጥ እናት ጾም ትጀምራለች፣ ደወሉ ይደወላል፤ ልጁ ይህን ቀን ከሁለት ወር በፊት በባቄላ ቆጥሮ አውጥቶታል። ያኔ ስለ ዮናስና ስለ ነነዌ ሰዎች ሲያነቡለት ወሬው የሩቅ አይሆንበትም። ለሦስተኛው ሳምንት መሪጌታ ወይም ካህን ይጋብዙ፤ እንዲሰብኩ ሳይሆን የልጆቹን ካርቶን አይተው «ትክክል ነው» ወይም «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» እንዲሉ። ልጅ የሠራው ነገር በሊቅ ፊት ሲመረመር ሥራው ይከብርበታል።

ሁለተኛው ሥራ የዘሪው ምሳሌ ነው፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 13፤ ዘሩ በመንገድ ዳር፣ በጭንጫ፣ በእሾህ መካከልና በመልካም መሬት ላይ ይወድቃል። ይህን ብዙ ትምህርት ቤት ይሞክረዋል፤ አብዛኛው ግን ይበላሽበታል፤ የሚበላሸውም በታወቁ ቦታዎች ነው።

ለየቡድኑ አራት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይቁረጡ፤ ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆይ። ሥሩን በጋለ ምስማር አምስት ቦታ ይብሱት፤ ይህን እርስዎ ወይም ጥበቃው ይሥራው እንጂ ልጅ አይንካው። የተቆረጠው ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ በፕላስተር ይጠቅለል። 32ቱ ሃይላንድ በሁለት ረድፍ ቢደረደር ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ፀሐይ የሚያገኝ የመስኮት ሥር ይበቃል።

ለመንገድ ዳሩ ሸክላ አፈር እስከ አፉ ሞልተው በጠርሙስ ቂጥ አጥብቀው ይጠቅጥቁት። አፈሩ ከጠርዙ ዝቅ ካለ ውሃው ኩሬ ይሠራና ዘሩን ያበቅለዋል፤ መንገዱም መንገድ መሆኑ ይቀራል። ለጭንጫው ከታች ጠጠር ሞልተው ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አፈር ብቻ ያልብሱት። ለእሾሁ ሰርዶ ከነሥሩ ነቅለው ይትከሉበት፤ እሾህ መፈለግ አያስፈልግም፣ ሰርዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለመልካሙ መሬት ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቀላል። ያልበሰለ ፍግ አይጠቀሙ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ በ48 ልጅ ፊት «መልካሙ መሬት» ዘሩን ከገደለ ማስተካከያ የለውም።

ዘሩ ስንዴ ይሁን፤ በየሃይላንዱ 10 ፍሬ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ። በመንገድ ዳሩ ላይ ዘሩ አፈር ሳይለብስ ከላይ ይቀመጥ፤ ጠዋት ሰልፍ ከመጀመሩ በፊት ግቢው ጸጥ ሲል ውጭ ያውጡት፤ ርግቦችና ድንቢጦች የቀረውን ይሠራሉ። በሌሎቹ ላይ ዘሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅበር። ውሃ ለሁሉም እኩል፣ በሃይላንዱ ክዳን 5 ክዳን በቀን አንድ ጊዜ። የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቡቃያው ለመውጣት እስከ አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ልጆቹን አስቀድመው ያዘጋጇቸው። በክረምት አይሞክሩት፤ ዝናቡ ጭንጫውን ሲያጠጣው ይከርማል።

አሁን የሚበላሽበትን ልንገርዎ። ጭንጫው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይበቅላል። መምህሩ ይደነግጣል፤ «ተሳሳትን» ብሎ ሃይላንዱን ይለውጠዋል። አልተሳሳተም። ወንጌሉ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ጥልቅ መሬት ስላልነበረው ወዲያው በቀለ። ልጆቹ ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ቃሉን ሲሰሙት ቀና ብለው ያዩዎታል። ቀጥሎ ያለው ስሕተት ግን የከፋ ነው፦ ልጆች ለጭንጫው ስለሚያዝኑለት ደብቀው ውሃ ያጠጡታል። ስለዚህ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ለሁሉም ውሃ እንዳይሰጥ በክፍሉ ደንብ ያድርጉ። ሰኞ ሲመጡ ጭንጫው ጠውልጎ ያገኙታል፤ መልካሙ መሬት ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ሁለቱን አፈር በጣት ይንኩ፣ ከዚያ የጠወለገውን ነቅለው ሥሩን ይለኩ።

እሾሁ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። በ10ኛው ቀን ስንዴው ከሰርዶው ጋር ደህና ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራውን ይዘጋና የምሳሌውን አንድ አራተኛ ያጣዋል። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ያቆዩት። ያን ጊዜ የእሾሁ ስንዴ ከመልካሙ መሬት ስንዴ ቀጥኖና ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቀስ ብሎ መታነቅ ምን እንደሆነ ለልጅ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ እዚህ ግን ይታያል።

ለሒሳቡ፣ በየሦስት ቀኑ ከየሃይላንዱ ረጅሙን ቡቃያ ለክተው በዚያው ቁመት የወረቀት ሪባን ይቁረጡ፤ ሪባኖቹን ጎን ለጎን ደብተር ላይ ሲለጥፉ የአሞሌ ግራፍ ይሆናል። ግራፉን አልሳሉትም፤ ተክሉ ራሱ ሠራው። መልካሙ መሬት ሠላሳ፣ ስድሳና መቶ ፍሬ ሰጠ የሚለውን ግን በሃይላንድ ማሳየት አይቻልም፤ ስንዴ ፍሬ እስኪይዝ ወራት ይፈልጋል። ለዚያ ከገጠር ለሚመጣ ወላጅ ነግረው የደረሱ የስንዴ ዛላዎች ያስመጡ፤ ለየቡድኑ አንድ ዛላ። ፈልፍለው ፍሬውን ይቁጠሩ፤ አንድ ዛላ ላይ 30፣ 40 ፍሬ ማግኘት የተለመደ ነው። ከአንድ ፍሬ ስንት ዛላ እንደሚወጣ ሲያክሉበት በወንጌሉ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ይገባቸዋል።

በዚህ ሥራ ላይ አደራ የምልዎ አንድ ነገር አለ። ቡድኖቹን በመሬቱ ስም አይሰይሙ፤ እያንዳንዱ ቡድን አራቱንም ይሥራ። «አንተ የትኛው መሬት ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ለልጅ በክፍል ፊት አይጠይቁ። ሳምንት ሳይሞላ «ጭንጫ» የአንድ ልጅ ቅጽል ስም ይሆናል፤ ስሙም እስከ 8ኛ ክፍል ይከተለዋል። መሬት እንደሚታረስ፣ ጠጠር እንደሚለቀም፣ ሰርዶ እንደሚነቀል ግን ያሳዩዋቸው፤ በመጨረሻው ሳምንት ጭንጫውን ገልብጠው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ ኮምፖስት ጨምረው እንደገና ይዝሩበት።

አሁን ስለ አንድ የተለመደ ነገር በግልጽ ልናገር። ሁለት ብርጭቆ ሩዝ አስቀምጦ አንዱን መባረክ፣ ሌላውን መርገም፣ «የተረገመው ሻገተ» ማለት በብዙ ቦታ እንደ እምነት ትምህርት ይሠራል። እባክዎን አይሥሩት። ሩዝ የሚሻግተው በእርጥበት፣ በብርጭቆው ንጽሕናና በነካው እጅ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የተባረከው ሊሻግት ይችላል። ያን ጊዜ ልጁ ሳይንሱንም ጸሎቱንም ያጣል። ከዚህም የሚብስ አለ፦ ከ48ቱ ልጆች መካከል እናቱ ታምማ በየሌሊቱ የሚጸልይ ልጅ ይኖራል። ጸሎት ማለት ከብርጭቆ ላይ ውጤቱ የሚታይ ነገር ነው ብለን ካስተማርነው፣ እናቱ ባትድንለት ምን ብለን እንመልስለታለን? እምነትን በሐሰተኛ ሙከራ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ እውነተኛው ቆጠራና እውነተኛው ዘር ይበቃሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ጧፍ ጥሩ ሥራ ነው፦ ልጆቹ የጥጥ ፈትል በእጃቸው ይግመዱ፤ ሰም መንከሩን ግን አዋቂ ይሥራው። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ነው የሚቀልጠው፤ አለዚያ ይቀጣጠላል። ከዚያ ሰም ያልነካው ክርና ጧፉ ውጭ በአዋቂ እጅ ይለኮሱ፤ ልጆቹ ሁለቱ የቆዩበትን ሰከንድ ይቁጠሩ። ክሩ ወዲያው ያልቃል። የሚነደው ሰሙ እንደሆነ፣ ክሩ የሚያወጣው መንገድ እንደሆነ ያኔ ይገባቸዋል።

ለቅርጽ ትምህርት ክብ ቤተ ክርስቲያን በካርቶን ይሥሩ፤ ቅኔ ማኅሌትና ቅድስት ሁለት ክቦች ናቸው፣ በኮምፓስ 18 እና 12 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ፤ መቅደሱ ግን ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ስለሆነ በማስመሪያ ይሠራል። ፒያሳ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደግሞ ስምንት ማዕዘን ነው፤ አስፈቅደው ልጆቹን ወስደው አንዱን ጎን በገመድ ቢለኩ፣ ስምንት ጊዜ አባዝተው ዙሪያውን ያገኛሉ። በሞዴሉ ላይ መቅደሱን ባዶ ይተዉት፤ መጋረጃ ብቻ ይኑረው። ታቦት በካርቶን አይሠራም፤ ኅብስተ ቁርባንም በክፍል አይጋገርም፤ ጥምቀትን እንደ ድራማ ማጫወትም አይገባም። በእጅ የማይነካ ነገር መኖሩ ራሱ ልጁ የሚማረው ትምህርት ነው፤ ሲጠይቅዎ ይህንኑ ይንገሩት።

ምግብ ያለበትን ሥራ (የእርሾውን ምሳሌ፣ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት) ከረቡዕና ከዓርብ፣ ከዐቢይ ጾምም ያርቁት። ዳቦው የጾም ቢሆን እንኳ ከ7 ዓመት በላይ ያሉ ብዙ ልጆች ሰዓት ይጾማሉ፤ ሊጡ ፊታቸው ሲቦካና ሲጋገር ዋለ ማለት ቅጣት ነው።

በክፍልዎ የሌላ ቤተ እምነት ልጆችም እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ በመሃል አዲስ አበባ የደብር ትምህርት ቤቶች ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም ልጆች ይማራሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ለአማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋምን፣ ለወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግን መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር ይህ ማለት ቆጠራውን በሒሳብ፣ ዘሩን በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከሁሉም ልጆች ጋር ይሠራሉ፤ ንባቡንና ጸሎቱን በተሰጠዎት ክፍለ ጊዜ ያደርጋሉ፤ ለወላጆችም በመስከረም በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ማርክ የሚሰጠው ለቆጠራው፣ ለልኬቱና ለግራፉ ብቻ ነው። ለእምነት ማርክ አይሰጥም።

40 ደቂቃዋን እንዲህ ይከፋፍሏት፦ 5 ደቂቃ ማደል፣ 20 ደቂቃ ሥራ፣ 7 ደቂቃ መጻፍ፣ 8 ደቂቃ ማጽዳትና መሰብሰብ። ማጽጃውን ከቆረጡ የሚቀጥለው መምህር ከክፍልዎ አፈር ሲጠርግ ይውላል፤ ሥራውም በወሩ ይቆማል። በቡድኑ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የታወቀ ድርሻ ይኑረው፦ ዓመት ጠሪ፣ ባቄላ አስገቢ፣ ባዶውን ቆጣሪ፣ ጸሐፊ፣ ካላንደር ተመልካች፣ ዕቃ ሰብሳቢ፤ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ያለ ድርሻ 6 ልጅ በአንድ ካርቶን ላይ ካስቀመጡ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አራቱ ያያሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ለዘሩም ለእጅ መታጠቢያውም 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተው ክፍል ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሰኞ ጠዋት ቧንቧው ደርቆ ማግኘት የተለመደ ነው።

በደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሯቸው፦ የገመትኩት፣ ያየሁት፣ የምጠይቀው። ሦስተኛውን ዓምድ በየሳምንቱ ያንብቡት። «እግዚአብሔር ጨረቃን ለምን 365 ቀን አላደረጋትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ለካህኑ የሚሰጥ ጥያቄ ነው፣ እርስዎ እንዲመልሱት አይገደዱ። የሚያርሙት ያየሁት የሚለውን ዓምድ ነው፤ ልጁ ካርቶኑ ላይ 17 ቆጥሮ መሪጌታን ለማስደሰት 18 ብሎ ከጻፈ፣ ደብተሩን ይዘው እንደገና ወደ ካርቶኑ ይመልሱት።